በዝምታ የመጣ ሁሉ እውነት አይደለም

ክቡራንና ክቡራት፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

ስለ መንፈሳዊ ልምምድና ስለ ውስጣዊ እውቀት እንድናገር ስትጠይቁኝ ቶሎ እሺ አላልኩም። ስለዚህ ጉዳይ አብዝቶ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት የሚለማመድ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ጥርጣሬዬ ደግሞ ራሴንም አይምርም። እዚህ የተቀመጣችሁት ከአንድ ሃይማኖት የመጣችሁ አይደላችሁም። ሃይማኖት የለኝም የምትሉም አላችሁ። ስለዚህ ስብከት አላዘጋጀሁም። የማቀርብላችሁ በጸሎትና በጥሞና ብዙ ዓመት የቆየ አንድ ሰው፣ ከራሱ ካየውና ከቀደሙት ከሰማው ያጠራቀመውን ሐሳብ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ልል የመጣሁትን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። በዝምታ ውስጥ የሚገኝ እውቀት አለ። ከመጽሐፍ አይገኝም፤ በክርክርም አይረታም። በዚያው ዝምታ ውስጥ ግን እውቀት ሳይሆን እውቀት የሚመስል ነገርም ይመጣል፤ ሁለቱ ሲመጡ የሚሰጡት ስሜት አንድ ነው። ያው ብርታት፣ ያው ጥራት፣ ያው "አሁን ገባኝ" የሚል ደስታ። እነዚህን ሁለቱን ብቻውን ሆኖ ለመለየት የሚችል ሰው አለ ብዬ አላምንም። በዚህም ምክንያት ውስጣዊ እውቀት የውጭ ምስክር ያስፈልገዋል እላለሁ።

በቅድሚያ ስለ ልምምዱ ራሱ ጥቂት ልበል። ዐይኑን ጨፍኖ የተቀመጠን ሰው ከውጭ ለሚያየው ሰላም ያገኘ ይመስለዋል። የተቀመጠው ሰው ግን ጉልበቱን ያመዋል፤ ትናንት የተነገረውን ክፉ ቃል ያመላልሳል፤ ያን ጊዜ ሊመልሰው ይገባ የነበረውን መልስ አሁን አሳምሮ ያዘጋጃል፤ ከዚያም "እየጸለይኩ አልነበር እንዴ?" ብሎ ይመለሳል። ይመለስና እንደገና ይሄዳል። እኔ የማውቀው ጸሎትና ጥሞና አብዛኛው ክፍሉ ይህ መሄድና መመለስ ነው። ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ይላሉ። ሐሳቡ የማይሄድበት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 አዋቂ ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ባልጠበቁት ሰዓት እየጠሩ፣ አሁን ምን እየሠሩና ስለ ምን እያሰቡ እንደሆነ ጠየቋቸው። መልሱ ተሰብስቦ ሲታይ ሰዎቹ ወደ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ እጃቸው ከያዘው ሥራ ውጭ ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ሐሳባቸው በሄደ ጊዜ ደግሞ ደስታቸው አነስ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ሐሳብ መሄዱ ለጸሎት በተቀመጠ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ፈተና አይደለም። ልዩነቱ የተቀመጠው ሰው መሄዱን ማየቱ ላይ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪዮስ ይህን ጥናት ቢያይ የሚደነቅ አይመስለኝም። ኤዋግሪዮስ በቁስጥንጥንያ ስመ ጥር ሰባኪ ነበር፤ በአንዲት ባለትዳር ሴት ፍቅር ተይዞ ከተማዋን ጥሎ ሸሸ፤ በመጨረሻም በረሃ ገብቶ በ399 እስኪያርፍ ድረስ የሰው ሐሳብ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚያታልል ሲመረምር ኖረ። ስለ መሰልቸት የተወልን ገለጻ ዛሬም ትኩስ ነው። መነኩሴውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይይዘዋል ይላል። ፀሐይ የቆመች ትመስለዋለች፤ ቀኑ 50 ሰዓት የሚረዝም ይመስለዋል። በመስኮት ደጋግሞ ይመለከታል። ከበኣቱ፣ ከሚኖርባት ትንሽ ክፍል፣ ይወጣና ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ያያል፤ ከወንድሞች የሚመጣ እንዳለም ይቃኛል። ቀጥሎ ቦታውን ይጠላል፣ የእጁን ሥራ ይጠላል፤ በመጨረሻም ከወንድሞች መካከል ፍቅር ጠፍቷል፣ የሚያጽናናኝም የለም ብሎ ይደመድማል።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚያስቀኝ መደምደሚያው ነው። መነኩሴው ሰልችቶታል፤ ሰልችቶኛል ብሎ ግን አያስብም። የሚያስበው ሌሎች ፍቅር እንደጎደላቸው ነው። ስሜቱ እንደ ስሜት አልመጣበትም፤ ስለ ዓለምና ስለ ሰዎች እንደተገኘ እውቀት ሆኖ መጣበት። ስንቶቻችን ነን በደከምንበት ሰዓት ስለ ጓደኛችን "በቃ፣ ማንነቱን አሁን አወቅሁት" ያልነው? ኤዋግሪዮስ ከ1600 ዓመት በፊት ያየው ይህ መሸፋፈን ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የሥጋችንም ድርሻ መዘንጋት የለበትም። በ2001 የታተመ በጣሊያን የተካሄደ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች በላቲን የመቁጠሪያ ጸሎት ሲደግሙና የዮጋ ማንትራ፣ ማለትም ደጋግሞ የሚባል ቅዱስ ቃል፣ ሲደግሙ የሚሆነውን አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ድግግሞሾች ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ያህል ያወርዱታል፤ በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በዚያ ዝግታ የልብ ምትና የደም ግፊት መለዋወጥ ከትንፋሹ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለት የተለያዩ ሃይማኖቶች ወደ አንድ የትንፋሽ መጠን መድረሳቸው ያስደንቀኛል። "እንግዲያው ጸሎት ትንፋሽ ብቻ ነው" የሚሉ አሉ፤ ችኮላ ነው። ሥጋ ያለው ሰው በሥጋው ቢጸልይ ምን ይገርማል? እኔ ከዚህ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፤ ሰላም ስለተሰማኝ ብቻ በዚያ ሰላም ውስጥ ያሰብኩት ሁሉ እውነት ነው ማለት አልችልም።

አሁን ወደ እውቀቱ ልምጣ። ኢማም አል ገዛሊ በ1095 በባግዳድ በዘመኑ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በከበረው በኒዛሚያ ያስተምር ነበር። ዕድሜው አርባ አልሞላም፤ ተማሪዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ራሱን ሲመረምር ግን የሚያስተምረው ለክብርና ለስም እንደሆነ አየ። ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ወደ ስድስት ወር ያህል ሲታገል ከረመ፤ በመጨረሻ አንደበቱ ተያዘ። ለማስተማር ቢቀመጥም ቃል አልወጣው አለ፤ ምግብም አልዋጥለት አለ፤ ሐኪሞችም በሽታው የልብ ነው ብለው ተዉት። ወደ መካ እሄዳለሁ ብሎ ሀብቱን አከፋፍሎ ወጣ። የሱፊዎችን ጽሑፎች አስቀድሞ አንብቦ ጨርሷቸው ነበር። የቀረው ክፍል ግን በንባብ የማይገኝ፣ በመቅመስና በመኖር ብቻ የሚገኝ መሆኑን ተረዳ። ለዚህ ያቀረበው ምሳሌ ይህ ነው፤ የሰከረ ሰው የስካርን ትርጉም አያውቅም፣ ግን ሰክሯል፤ ሐኪሙ የስካርን ትርጉምና መንስኤ ያውቃል፣ ግን አልሰከረም።

ይህ እውቀት እኔን ያስተማረኝ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽነቱን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ቁጣ ቃል ከመሆኑ በፊት በሥጋ ውስጥ ይጀምራል፤ በእኔ ከጉሮሮዬ ሥር ጥብቅ ይላል፣ ትንፋሼም ያጥራል። ከዚያ በኋላ ነው ምክንያቱ የሚመጣው፤ ሲመጣም የተሟላ ክስ ሆኖ፣ ማስረጃው ተደርድሮ ነው። በጥብቅታውና በክሱ መካከል አጭር ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ለመናገርም ለመተውም ቦታ አለ። ይህንን አስቀድሜ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ስታነቡት ተራ ነገር ነው። ያችን አጭር ጊዜ በራሴ ውስጥ ስትከፈት ማየት ግን ሌላ ዓይነት ማወቅ ነው። ሌላም አለ፤ ደግነት ብዬ የምጠራው አብዛኛው ሥራዬ ሥሩ ላይ መመስገን መፈለግ እንዳለበት አይቻለሁ። ይህ ደግነቱን ከንቱ አያደርገውም፤ የተደረገለት ሰው ተጠቅሟልና። ሳልመሰገን በቀረሁ ጊዜ ለምን እንደምከፋ ግን ይነግረኛል።

አንድ ወንድም በግብፅ በረሃ ይኖር ወደነበረው መነኩሴ ወደ አባ ሙሴ ጸሊም ሄዶ ምክር ቢለምነው "ሂድ፣ በበኣትህ ተቀመጥ፤ በኣትህ ሁሉን ያስተምርሃል" ብሎ እንደመለሰው ይነገራል። ባዶ ክፍል ምን ያስተምራል? ከውጭ የምናመካኝበት ነገር ሲያልቅ የሚቀረውን ያስተምራል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ከክፍሉ የሚሸሸው፤ ስልካችን ይህን ሽሽት አቀለለው እንጂ አልፈጠረውም።

ልብ በሉ፤ እስካሁን የገለጽኩት እውቀት ስለ እኔ ነው። ስለ ጎረቤቴ ልብ፣ ስለ ነገ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ምንም አይነግረኝም። ልኩን ያወቀ እውቀት ነው፤ ስለዚህም ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላኛው ነው፤ በድንገት የሚመጣው፣ ከልኩ የሚያልፈው፣ ሰውን በሙሉ የሚይዘው።

አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1901ና በ1902 በኤዲንብራ ባቀረባቸው ትምህርቶች እንዲህ ያሉ ገጠመኞችን ከብዙ አገርና ሃይማኖት ሰብስቦ አራት ምልክቶች አስቀመጠላቸው። በቃል አይገለጹም፤ ላጋጠመው ሰው እውቀት እንደሰጡት ይሰማዋል፤ ብዙ አይቆዩም፤ ሰውየው ያመጣቸው ሳይሆን የተቀበላቸው ይመስለዋል። ሁለተኛው ምልክት ላይ ቆም በሉ። ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳት አልነበረውም፤ ደስታ ያልፋል። እውቀት እንደተሰጠው የተሰማው ሰው ግን በዚያ እውቀት ላይ ተመሥርቶ ይሠራል፤ ሌሎችንም ያሠራል። ጄምስ ራሱ የደረሰበት ፍርድ ሚዛናዊ ይመስለኛል፤ ገጠመኙ በደረሰበት ሰው ላይ ሥልጣን አለው፣ ሊኖረውም ይገባል፤ በውጭ ያለው ሰው ግን ሳይመረምር የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ይህን ሥልጣን በጨዋነት የያዘ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ብሌዝ ፓስካል ነው። ፓስካል የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ማረጋገጫ ምን እንደሆነ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ በዘመኑ ጥቂት ነበር። ኅዳር 23 ቀን 1654 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ነገር ደረሰበት። በወረቀት ላይ "እሳት" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ እንጂ የፈላስፎችና የሊቃውንት አይደለም አለ። ቀጥሎ ደግሞ "እርግጠኝነት፣ እርግጠኝነት" የሚል ቃል አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ እርግጠኝነት የነበረው ሰው ምን አደረገ? በብራና ገልብጦ በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፋው። በ1662 ሲሞት አንድ አገልጋይ በልብሱ ውስጥ አገኘው። ያን ያህል ዓመት ተሸክሞት ሲኖር በየአደባባዩ አላወራውም። ሕይወቱ ግን ተለውጦ ነበር፤ ያንንም ያዩ ሰዎች አሉ።

ከዚያች ከፓስካል ሌሊት ሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሌላ እርግጠኛ ሰው ነበር። በዚህ ሰው ታሪክ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ብዙዎች ስለ እርሱ ሲናገሩ ወይ ይስቁበታል ወይ ያዝኑለታል፣ የሚማሩበት ግን ጥቂት ናቸው። ጄምስ ኔይለር ይባላል። በእርስ በርስ ጦርነቱ በፓርላማው ጦር ውስጥ አገልግሏል፤ በኋላም የኩዌከሮችን ማኅበር ተቀላቀለ። ኩዌከሮች በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ መለኮታዊ ብርሃን አለ ይላሉ፤ አምልኳቸውም በአብዛኛው አብሮ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ከመሥራቹ ከጆርጅ ፎክስ ቀጥሎ የተሰማው ሰባኪ ኔይለር ነበር፤ እንዲያውም በለንደን ከፎክስ ይልቅ ተደማጭ ነበር የሚሉ አሉ። በዙሪያው የተሰበሰቡ ሰዎች ከሰባኪነት የሚበልጥ ነገር ያዩበት ጀመር፤ በደብዳቤዎቻቸው ለክርስቶስ ብቻ የሚነገር ቃል ይጽፉለት ነበር። ፎክስ ተቃወመው፤ ተጣሉ።

በጥቅምት 1656 ኔይለር በዝናብና በጭቃ መካከል በፈረስ ተቀምጦ ወደ ብሪስቶል ከተማ ገባ። ተከታዮቹ ልብሳቸውን ከፊቱ እያነጠፉ "ቅዱስ፣ ቅዱስ" እያሉ ይዘምሩ ነበር፤ የሆሳዕናን ዕለት መምሰላቸው ነው። ተያዘ። ሲመረመር የሰጠው መልስ እኔ ኢየሱስ ነኝ የሚል አልነበረም። በእኔ ውስጥ ያለው ብርሃን ይህን ምልክት እንዳደርግ አዘዘኝ የሚል ነበር። ነገሩ እስከ ፓርላማ ደረሰ፤ ቀናት ሙሉ ተከራከሩበት፤ የሞት ቅጣቱ በ96 ድምፅ ለ82 ውድቅ ሆነ። ሞቱ ቢቀርለትም ተገረፈ፣ ምላሱ በጋለ ብረት ተበሳ፣ ግንባሩ ላይ እግዚአብሔርን ተሳድቧል የሚል ምልክት ተተኮሰበት፣ ታሰረም። ቅጣቱ ጭካኔ ነበር፤ በዚህ ላይ ምንም "ነገር ግን" የለኝም። የጨከኑት ሰዎችም ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ከእርሱ የማያንስ እርግጠኝነት እንደነበራቸው መታወስ አለበት።

ኔይለር አታላይ ነበር ብዬ አላምንም። ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። ለጥቅም ያደረገው ቢሆን ታሪኩ ቀላል ይሆን ነበር፤ አታላይን መለየት ይቻላል። ኔይለር ግን ብዙ የጸለየ፣ ብዙ ዝም ያለ፣ መከራ የተቀበለ ቅን ሰው ነበር። ያ ድምፅ ሲመጣበትም ከዚያ በፊት በትክክል ሲመራው ከኖረው ድምፅ የተለየ አልመሰለውም። ደግሞም ብቻውን አልነበረም። ሰዎች ነበሩት፤ ግን ሁሉም የሚያደንቁት ነበሩ። የሚቃወመውን አንዱን ሰው ገፋው። አድናቂ ምስክር አይሆንም፤ የራሳችንን ድምፅ መልሶ ከማሰማት የበለጠ አይረዳንም።

ኔይለር በ1659 ሲፈታ የደረሰውን ስሕተት በይፋ አምኖ ከማኅበሩ ጋር ታረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሞተ። ከመሞቱ በፊት ክፉ ማድረግ የማይወድ፣ በቀልንም የማይሻ መንፈስ በውስጤ ይሰማኛል እንዳለ ይነገርለታል። ምላሱ የተበሳ ሰው ነው ይህን የተናገረው። እንግዲህ ያው ውስጣዊ ብርሃን ነው ወይስ ሌላ? እኔ ያው ነው የሚል አሳብ አለኝ፤ በመጨረሻው ጊዜ ግን ብርሃኑ ልኩን አግኝቷል፣ ስለ ራሱ ልብ ብቻ ይናገራል። ማኅበሩም ከዚህ በኋላ ብርሃኑን አልካደም። በ1660ዎቹ መጨረሻ በየወሩ የሚሰበሰቡ ጉባኤዎች ተቋቋሙ። አንድ ሰው ወደዚህ ሂድ፣ ይህን ተናገር የሚል ውስጣዊ ምሪት ሲሰማው ለጉባኤው ያቀርባል፤ አብረው ዝም ይላሉ፤ አብረው ይመዝናሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው ተረት ለጉልበት ብቻ የተነገረ አይደለም።

የሚያስገርመው፣ ቀድመው በሌላ አገር የኖሩ ሰዎችም ሳይመካከሩ እዚሁ ቦታ ደርሰዋል። በበረሃ አበው ዘንድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ለአንድ ወንድም ተገለጠና "እኔ ገብርኤል ነኝ፤ ወደ አንተ ተልኬ መጣሁ" አለው። ወንድም ምን ቢል ጥሩ ነው? "እስቲ ወደ ሌላ ሰው ተልከህ እንደሆነ አጣራ፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም።" መልአኩ ጠፋ። ከዚያው ከበረሃ የወጣ ሌላ ምክር ደግሞ አንድ ወጣት በገዛ ፈቃዱ ወደ ሰማይ ሲወጣ ብታይ እግሩን ይዘህ ወደ መሬት ጎትተው ይላል። እነዚህ ሰዎች ሰማይ የለም የሚሉ አልነበሩም፤ ለሰማይ ሲሉ ሁሉን የተዉ ነበሩ።

የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የሎዮላው ኢግናጥዮስ በ1522 በስፔን በማንሬሳ ከተማ ሳለ፣ በአየር ላይ እንደ እባብ ያለ፣ ብዙ ዐይን የመሰለ ነገር የሚያብረቀርቅበት እጅግ ውብ ነገር ደጋግሞ ያይ ነበር። ሲያየው ይጽናና ነበር፤ ሲጠፋ ያዝን ነበር። በኋላ ከክፉ እንደሆነ ፈረደበት። ከዚህ ይልቅ የምወደው ግን ሌላኛው ነው። ማታ ሊተኛ ሲል ታላላቅ መንፈሳዊ ብርሃኖችና መጽናናቶች ይመጡለት ጀመር፤ ከትንሹ የእንቅልፍ ጊዜው ብዙውን ይወስዱበታል። ኢግናጥዮስ አሰበ፤ ለጸሎት በቂ ሰዓት መድቤያለሁ፤ ይህ የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ ከመልካም የመጡ ቢሆኑ እንቅልፌን ለምን ይወስዱብኛል? ተዋቸውና ተኛ። በመንፈሳዊ ታሪክ ውስጥ ካየኋቸው ብስል ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው፤ በስብከት ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ተኛ የሚል ቅዱስ አድማጭን አያስደንቅምና።

በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረችው ስፔናዊት መነኩሲት የአቪላዋ ቴሬዛ ለራእዮቿ ያቀረበችው መመዘኛ በውስጧ የሚያሳድሩትን ፍሬ ማየት ነበር፤ ራእዩ ትሕትናን አሳድሮ የሄደ እንደሆነ ታምነዋለች፣ ኩራትንና ሁከትን አሳድሮ ከሄደ ትጠራጠረዋለች። በዘመኗ የነበረው መነኩሴ የመስቀሉ ዮሐንስ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ጥብቅ ነው። እውነተኛ ራእይ ቢሆን እንኳ አትያዘው ይላል፤ መልካም የሚያደርግልህ ከሆነ በመጣበት ቅጽበት አድርጎልሃልና ይዘኸው የምትዞርበት ምክንያት የለም። በዜን ቡድሂዝም ደግሞ በጥሞና መካከል ብርሃን ወይም ቅዱስ ምስል ያየ ተማሪ ለመምህሩ ብቻውን ገብቶ ይነግረዋል። መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ አያደንቅለትም፤ ወደ መቀመጫህ ተመለስ ይለዋል።

"ምስክሩስ ቢሳሳት?" የሚል ጥያቄ በአእምሯችሁ መኖሩን እጠብቃለሁ። ይሳሳታል እንጂ! ቴሬዛ ራሷ በከፊል የተማሩ የንስሐ አባቶች ብዙ እንደጎዷት ጽፋለች፤ ራእይዋን በንቀት ምልክት እንድታባርር ያዘዟትም ነበሩ። በእኛም ዘመን በመምህርነት ስም ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ሰውን ከቤተሰቡ የሚለይ፣ ሴቶችን የሚያዋርድ ስንት ነው? ስለዚህ ምስክር ስል አዛዥ ማለቴ አይደለም። ምስክር የሚሰማ፣ የሚጠይቅ፣ አልመሰለኝም ለማለት የማይፈራ፣ ከእኔ መታዘዝ የሚያተርፈው ምንም ነገር የሌለው ሰው ነው። ይህን ለማንም አትንገር ብሎ የሚያዝህ መምህር ካጋጠመህ፣ ያን ዕለት ለሌላ ሰው ንገር። በምስጢር ላይ ያለኝ አቋም ከሌሎች ጠንከር ያለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልለውጠውም። ፓስካል ዝም ያለው የራሱን ጉዳይ ነው፤ ሌላውን ዝም ማሰኘት ሌላ ነገር ነው።

ስለ ጤናም በአጭሩ። በ2017 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ጥሞናን በትጋት የሚለማመዱ ሰዎች ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን ከራስ የመለየት ስሜትና ሌላም ከባድ ነገር እንዳጋጠማቸው በዝርዝር መዝግቧል። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ የሚያዝዘው ድምፅ የሚሰማው ሰው ብታገኙ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጸልዩለትም፤ ግን ውሰዱት። ሕመምን መንፈሳዊ ከፍታ ነው ብሎ ማጨብጨብ ጭካኔ ነው፤ ያጨበጨበው ሰው ቅን ቢሆንም።

እኔ በግሌ የማደርገው ቀላል ነው። በጸሎት መካከል ጠንካራ አሳብ ሲመጣብኝ፣ በተለይ ስለ ሌላ ሰው ከሆነ፣ በዚያ ዕለት ምንም አላደርግበትም። እጽፈዋለሁ። ከቀናት በኋላ መልሼ ሳነበው አንዳንዱ እንደ ቅድሙ ይቆማል፤ አብዛኛው ግን የዚያን ዕለት ድካም ወይም ቅሬታ ሆኖ ይገኛል፤ ልክ እንደ ኤዋግሪዮስ መነኩሴ። የቆመውን ለሁለት ሰዎች እነግራለሁ፤ አንዱ የእኔን እምነት ይጋራል፣ ሌላው አይጋራም። ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅመኛል፤ በቋንቋዬ ስለማይሸነገል ነው። ከእነርሱ ቀድመው የሚያውቁት ግን አብረውኝ የሚኖሩት ናቸው። ጥሞናው ለስላሳ አድርጎኝ እንደሆነ ወይም የተቀደሰ ቁጡ አድርጎኝ እንደሆነ ከቤት ሰዎች የሚሰወር ነገር የለም፤ ሳልጠይቃቸውም ይነግሩኛል።

የነፍስ አባትም ሼህም መምህርም የለኝም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከንግግሩ በፊት ከአንዳንዶቻችሁ ሰምቻለሁ። ለእናንተ የምመክረው ትልቅ ሰው ፍለጋ እንዳትደክሙ ነው። በእናንተ የማይደነቅ አንድ ወዳጅ ፈልጉ። በወር አንድ ጊዜ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ዝም በሉ፤ ከዚያ ያገኛችሁትን ተነጋገሩ፤ ለእርሱም እንዲሁ ሁኑለት። የኩዌከሮቹ ጉባኤ ሲጀመር ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም።

ቀሪው ሰዓት ለጥያቄና ለክርክር ነው። በተለይ ስለ ኔይለር ባልኩት የማይስማማ ካለ መጀመሪያ እርሱን ብሰማ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።